ዶሮውም ዝም፣ ሽማግሌውም ዝም

ከብት በስልክ አይታከምም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዲግሪ የሌለኝ እኔ እንኳ አውቀዋለሁ። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሳገለግል፣ «ላሜ ታመመችብኝ» የሚል ሰው ደጄን ሲያንኳኳ መልሴ አንድ ነበር፦ «የት ነው ያለችው?» ከዚያ ቦት ጫማ ማጥለቅ፣ ሳጥን ማንጠልጠል፣ መንገድ መግባት። ዘንድሮ ግን ሐኪሙ ራሱ በስልክ ይቀጠራል አሉኝ። ቁመናውን ሳያዩ፣ እጁን ሳይጨብጡ፣ ኮርማ ፊት አቁመው ይሸሽ እንደሆነ ሳይፈትኑ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው! ቆይ እንጂ፣ የሚቀጥሩት የከብት ሐኪም ነው ወይስ የሬዲዮ ዜና አንባቢ?

ጣጣው የመጣው በልጅ ልጄ ነው። እዚሁ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምራ፣ ዓመታቱን ቆጥራ ጨርሳ፣ «ዶክተር» ተብላ ወጣች። እኔ ሥራ ስጀምር አገሪቱ የእንስሳት ሐኪም የምታሠለጥንበት የራሷ ፋኩልቲ አልነበራትም፤ ዶክተር መሆን የፈለገ ባሕር ተሻግሮ ነበር የሚማረው። ፋኩልቲው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ደብረ ዘይት እንላት በነበረችው በዚችው ከተማ ሲከፈት እኛ ረዳቶቹ «ከእንግዲህ ዶክተሩ ከላሟ ኋላ ይቆማል፣ እኛ ጭራ እንይዛለን» ተባብለን ነበር። ጭራውንም ያዝን፣ ከላሟ ኋላም የቆምነው እኛው ሆንን፤ ይሁን። ገበሬው እንደሆነ ሁላችንንም «ዶክተር» ብሎ ስለሚጠራ ማዕረግ አልጎደለብኝም።

ልጅቷ ማመልከቻ ስታስገባ ከርማ በመጨረሻ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት መልስ ሰጣት። ስሙን አልጠራም፤ ለሥራዋ እፈራለሁ። ሥራው አፋር ውስጥ በግና ፍየል ማስከተብ ነው፤ የአርብቶ አደሩን ልጆችም ክትባት ታሠለጥናለች። እሰየው። ፈተናው? በስልክ። ፈታኞቹ? ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም በአንድ ስልክ። ጊዜው? ግማሽ ሰዓት። በግማሽ ሰዓት እኮ አንድ እምቢተኛ ፍየል እንኳ በቅጡ አይያዝም!

ከዚያች ቀን ወዲህ ቤቱ የኔ መሆኑ ቀረ። የሳሎኑ ግድግዳ ወረቀት በወረቀት ሆነ፤ በአንዱ የመድኃኒት መጠን፣ በአንዱ የበሽታ ምልክት፣ መስተዋቱ ላይ ደግሞ «ፈገግ በይ» የሚል ተለጠፈ። «ፈገግታ በስልክ ይታያል እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ባይታይም ድምፅ ላይ ይሰማል፣ አባባ» አለችኝ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ተኮሳትሬ ሳክም አንዲት ላም ቅሬታ አላቀረበችብኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ በኛ ቤት ወረቀቱ ግድግዳውን ይዞ፣ ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ቀሩ።

ቀጥሎ የኔትወርክ ጥናት ተጀመረ። ስልኩ በመስኮት ሲወጣ፣ ጓዳ ሲገባ፣ አጥር ላይ ሲሰቀል ዋለና ኔትወርክ ሙሉ የሚሆነው ውሃ ታንከሩ ሥር፣ እኔ ፀሐይ የምሞቅበት ወንበር ላይ መሆኑ ተደረሰበት። ወንበሩ ተወረሰ። መብራት ቢጠፋ ተብሎ ፓወር ባንክ ተዋሰች። ኔትወርክ ቢከዳ ተብሎ ሌላ ሲም ተገዛ። የሚደውሉት እነሱ ሆነው ሳለ ካርድም ተሞላ። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ያቺ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ብትወዳደር ሁሉንም ትበልጣለች፤ አንድም ቀን ስትንተባተብ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ የድምፅ ቁጥጥር መጣ። ቴሌቪዥኑ ተነቀለ። የበሩ ማጠፊያ እንዳይንቋቋ ዘይት ተቀባ። ውሻው ዘመድ ቤት ተላከ። አውራ ዶሮው ጨለማ ጓዳ እንዲታሰር ተወሰነበት። ዶሮው ከታሰረ በኋላ ተራው የኔ ሆነ። «አባባ፣ ያን ሰዓት እንዳይስሉ።» ሳል መቼ ነው በቀጠሮ የመጣው? ባለቤቴ ደግሞ ከሷ ብሳ «አንተ ሰውዬ፣ መሳልህ ካልቀረ አስቀድመህ ሳል» ትለኛለች። እሺ ብዬ አስቀድሜ ልስል ብሞክር አልመጣ አለኝ።

ሰዓቱ ሌላ ጉድ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው የመጣው፤ «ሐሙስ 3:00» ይላል፤ ጠዋት ይሁን ማታ አይናገርም። ባለቤቴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብላ ቁርሱንም፣ ቡናውንም፣ የዶሮውንም እስራት ለሦስት ሰዓት አሰናዳች። ልጅቷ «የፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለች። ጓደኛዋ ደግሞ «በእንግሊዝኛ ጽፈው በሐበሻ ሰዓት የሚቀጥሩ አሉ» ብላ ነገሩን አወሳሰበችው። «ደውለሽ ጠይቂያቸዋ!» ብል ሁለቱም አፈሩ። ሰዓት መጠየቅ ምን ያሳፍራል? ስንት ቀበሌ ለክትባት ቀጠሮ ይዤ፣ እኔ ጠዋት ስደርስ ከብቱ ግጦሽ ወርዶ፣ ከብቱ ሲመለስ በረዶዬ ቀልጦ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በኋላ «ፀሐይ ስትወጣ፣ ከብቱ ከበረት ሳይወጣ» ሳላስብል ቀጠሮ ይዤ አላውቅም። ደወለች። «ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት» አሏት፤ ስላረጋገጠችም አመሰገኗት። እኔን ግን ያመሰገነኝ የለም።

ከሁሉ የባሰኝ የጥያቄዎቹ ነገር ነው። ጓደኞቿ እየመጡ ያለማምዷታል። «ስለ ራስሽ ንገሪን።» እኛ ስናድግ ስለ ራሱ አብዝቶ የሚናገር ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ሊበደር መጥቷል ነበር። አሁን ልጅቷ ደላላ የፋሲካን በሬ እንደሚያሻሽጥ ራሷን ታሻሽጣለች፦ «ቆራጥ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫና አይበግረኝም።» ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ማየት ብቻ ነው የቀራቸው።

«ድክመትሽስ ምንድን ነው?» መልሱ ተጠንቶ ተቀምጧል፦ «ሥራዬ ፍጹም ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ይህ ድክመት ከሆነ የኔም ድክመት መልኬ ማማሩ ነው። የሷን እውነተኛ ድክመት እኔ አውቃለሁ፤ ግመል ትፈራለች። «ግመል እፈራለሁ በያቸው» ብል ቤቱ ሁሉ ጮኸብኝ። እንዴ! አፋር የምትሄድ ሐኪም ግመል እንደምትፈራ ማወቅ የሚገባው ሰው ካለ እነዚያ ሦስቱ አይደሉም? «እፈራለሁ፤ ለዚህም ባለግመሉ ሳይኖር አልጠጋም፣ አያያዙን ከሱ እማራለሁ» ብትል ማን ይጠላታል? ግመል አልፈራም ብላ የተነከሰች ሐኪም ለማን ትጠቅማለች?

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታይዋለሽ?» ውሉ እኮ የአንድ ዓመት ነው! የአንድ ዓመት ውል ዘርግቶ የአምስት ዓመት ሕልም መጠየቅ ምን የሚሉት ነገር ነው? ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው፤ ያውም ለእንስሳት ሐኪም።

ደግሞ አንድ ዘዴ ተምረዋል። ገጠመኝሽን ተናገሪ ስትባል በአራት ከፍለሽ ተናገሪ ይላል፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነትሽ፣ ያደረግሽው፣ ውጤቱ። አዲስ ግኝት አድርገው ሲያወሩት ሳቄ መጣ። ይህን እኛ በሕክምና መዝገብ ላይ ስንጽፈው ነው የኖርነው፦ ምን ሆነች፣ ምን አገኘሁባት፣ ምን አደረግሁላት፣ ዳነች ወይስ ሞተች። ልዩነቱ፣ እኛ የሞተችውን «ሞተች» ብለን እንጽፍ ነበር። በልጅቷ ገጠመኞች ውስጥ ግን አንድም የሚሞት የለም፤ ሁሉም ይድናል፣ ሁሉም ይወልዳል፣ ሁሉም ይታለባል። «አንዷን ግደያት» አልኳት። «አባባ!» ብላ ደነገጠች። «ሁሉም የሚድንለት ሐኪም ወይ አልሠራም ወይ ይዋሻል።» ቆይታ ቆይታ አወጣችው፤ በልምምድ ጊዜ ምጥ የጠናባት ላም ደርሳት፣ ጥጃው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። ብቻዬን እወጣዋለሁ ብላ ስትታገል ቆይታ ባለሙያ ስትጠራ ጥጃው ሞተ፤ ላሟ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱን ፈልጌ በጊዜ ካላቀናሁት ሰው እጠራለሁ አለች። እንግዲህ ይህን ንገሪያቸው! ይህችን ሐኪም እኔም ላሜን እሰጣታለሁ፤ ያቺ «ጫና አይበግረኝም» የምትለውን ግን በረቴ አላስገባትም።

በኛ ጊዜ ፈተናው አጭር ነበር። የፈተኑኝ ሰው ጠፍርና ወይፈን ሰጥተውኝ «ጣለው» ብለው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ከኔ በፊት የገባው ጎረምሳ ቀንድ ለቀንድ ተያይዞ ነበር፤ ወይፈኑ ግቢውን አዙሮ አዙሮ አድክሞታል። እኔ አባቴ በረት ያደግሁ ነኝ። ገመዱን አንገቱ ላይ አሰርኩ፤ ከዚያ ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ሸምቀቅ፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት በሽንጡ ዙሪያ ሌላ ጊዜ ሸምቀቅ አድርጌ ጫፉን ወደ ኋላ ሳብኩት። ወይፈኑ ተነፈሰ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ራሱ መርጦ የተኛ ይመስል ጋደም አለ። ጉልበት አይጠይቅም፤ ገመዱ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ነው። ፈታኙ «ፍታው፣ ሰኞ ና» አሉኝ። ይኸው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደምሆን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ወይፈኑም አልጠየቀኝም።

ይህን ሁሉ ሳጉረመርም ባለቤቴ «ከማጉረምረም ለምን አትረዳትም?» አለችኝ። እሺ፣ ልርዳት አልኩ፤ በኔ መንገድ። ስልኬን ይዤ ከግቢው ጥግ ካለው ፓፓያ ሥር ተቀመጥኩና ደወልኩላት።

«ሄሎ፣ ዶክተሯ ነሽ?»

«አዎ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ላሜ ታማለች።»

«ምን ሆነች?»

«ታማለች አልኩሽ እኮ!»

«የሙቀት መጠኗ ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሐኪሟ አንቺ ነሽ።»

ዝም አለች። ከዚያ የበሽታ ስም መደርደር ጀመረች፤ ሳንባ ሊሆን ይችላል፣ ጡቷ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞ ይህ ሊሆን ይችላል። ዘጋሁት። «ለምን ዘጉት?» ብላ እየሮጠች መጣች። «ባለላሙ ነው የዘጋው» አልኳት፤ «አንድም ነገር ሳትጠይቂው ሂሳቡ አለቀበት።»

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። እነዚህ ልጆች የሚለማመዱት መመለስ ብቻ ነው፤ የኛ ሙያ ግን ግማሹ መጠየቅ ነው። በሽተኛው አይናገርም፤ የሚናገረው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ግማሹን አያውቅም፣ ግማሹን ያፍርበታል። ስለዚህ ዓይኑ ያየውን ነው የምትጠይቂው። መቼ ጀመራት? ታመሰኳለች? እበቷ ቀጭን ነው ወፍራም? የቱ ጎኗ ነው የተወጠረው? ወልዳለች ወይስ እርጉዝ ናት? ሌሎቹስ ደህና ናቸው? ጎረቤት የሞተ ከብት አለ? ሰሞኑን ከገበያ ተገዝቶ የገባ አለ? ከዚያ «መድኃኒት ሰጥተዋታል?» የሚለው ይመጣል። ይህ ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው። በመጀመሪያው «ምንም» ይላል፤ በሁለተኛው «ትንሽ የአገር ባህል» ይላል፤ በሦስተኛው ከገበያ የገዛውን ብልቃጥ ያወጣል።

እንደገና ደወልኩ። አሁን ነቃች። የግራ ጎኗ መወጠሩን አወጣችብኝ። ማመስኳት መተዋን አወጣችብኝ። «ጎተራ ወይም እህል ያለበት ቦታ ገብታ ነበር?» ስትለኝ እንደ ደንቡ «ኧረ በጭራሽ» አልኩ፤ ጥያቄውን አዙራ «ጎተራው ትናንት ማታ ተዘግቶ ነበር ያደረው?» ብላ ያዘችኝ። ገብስ መብላቷን አመንኩ። መርፌ መውጋቴንም አመንኩ። ይባስ ብላ «ወተቷንስ ምን አደረጉት?» አለችኝ። «ልጆቹ ጠጡት» ስላት፣ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ወተቷ እንደማይጠጣ፣ ቀኑም በብልቃጡ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ ሳትቆጣኝ አስረዳችኝ። ሳትቆጣኝ! እኔ በሷ ቦታ ብሆን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። እንግዲህ ከብት በስልክ አይታከምም፣ ባለከብት ግን በስልክ ይመረመራል። ፈታኞቹም ባለከብት ናቸው፤ የሚያሳስባቸው ነገር ባይኖር ኖሮ ሰው አይፈልጉም ነበር። ምን እንዳመማቸው ጠይቂያቸው አልኳት።

ሦስተኛው ጥሪዬ ግን ደሜን አፍልቶታል። «ዶክተር፣ ትናንት ሲያርሱ የዋሉ ሁለት በሬዎቼ ሌሊቱን ሞተው አደሩ። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ካፍንጫቸው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ጎረቤት ለቅርጫ ተሰብስቧል፣ ቢላዋው ተስሏል። ምን ላድርግ?» ስላት፣ የኔዋ ዶክተር ዘና ብላ «መጥቼ አስከሬኑን ከፍቼ ናሙና እወስዳለሁ» አትለኝም መሰላችሁ! አባ ሰንጋ! በፈረንጅ አፍ ስሙን ጠይቃት፣ ከነዘር ማንዘሩ ትቆጥርልሃለች፤ ቢላዋው ግን ተስሎ እየጠበቀ ነው። ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቢላዋውን አስቀምጡት» መሆን አለበት አልኳት። ሬሳው ከተከፈተ ተህዋሲው አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ሆኖ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ የልጅ ልጆቻቸው ከብት እዚያው ሳር ላይ ይሞታል። ከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ ውሻ እንዳይጎትተው፣ የነካ ወይም የቀመሰ ሰው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ለወረዳው እንዲነገር። ናሙና ካስፈለገ ጓንት አድርጎ ከጆሮ ሥር ጥቂት ደም መስታወት ላይ ማስነካት ይበቃል። ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። የተረፉት ይከተባሉ።

«ጸረ ተህዋሲ መርፌም አብሬ እሰጣቸዋለሁ» ብላ ልታስደስተኝ ሞከረች። ሁለተኛ ጮህኩ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነው፤ መርፌውን በላዩ ከደረብሽበት መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል፣ ገበሬው ግን ተከተበልኝ ብሎ ይተኛል። ይህን አንድ ነገር የሚጠይቅ ፈታኝ ካለ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው በኛ ሙያ ላይ ቀልድ አይደለም።

«ስለ ሥራው ምን ታውቂያለሽ?» ይሉሻል ተብላ ደግሞ የድርጅቱን ራእይና ተልእኮ ሸመደደች። እነሱ ራእያቸውን ያውቁታል! ስለ ፍየሉ ንገሪያቸው አልኳት። የምታስከትቢው የፍየልና የበግ ደስታ መሰል በሽታ የሚባለው ነው፤ ታላቁን፣ የከብቱን ደስታ በሽታ፣ ሳያውቁ እሱን ማወቅ አይቻልም። ታላቁ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገብቶ የአገሩን ከብት ጠራርጎ ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ በላዩ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ያን ዘመን ነው አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት። እኛ በደረስንበት ጊዜም ደስታ እዚህም እዚያም ብቅ ይል ነበር። አፋር ላይ በረዶ ሳጥን ተሸክሜ ስሄድ ከብቱ ጋ ሳልደርስ በረዶው ውሃ ይሆንብኝ ነበር። ኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ፤ የአፋር ልጆች ራሳቸው ሠልጥነው፣ እኛ በማንደርስበት ቦታ ሁሉ የገዛ ከብታቸውን ከተቡ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ወረርሽኝ በ1988 ዓ.ም. እዚያው አፋር የታየው ነው። በ2003 ዓ.ም. ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ ወጣች ተባለ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። አሁን ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶቹ የታናሽየውንም መጥፊያ እንደ አውሮፓውያን 2030 ብለው ቀን ቆርጠውለታል፤ በኛ 2022 መሆኑ ነው። ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። «ይህን ሁሉ ከማን ሰማሽ?» ቢሉሽ «ከሽማግሌ» በያቸው አልኳት። እሷ ግን «ምንጭ ተብሎ አይጻፍም» አለችኝ።

ሐሙስ ደረሰ። ዶሮው ጓዳ፣ እኔ ፓፓያው ሥር፣ ባለቤቴ በሁለታችንም ላይ ዘበኛ ሆነች። ስልኩ ጠራ። ልጅቷ በመጀመሪያ የጠየቀቻቸው እንዳስተማርኳት ነው፦ «መስመሩ ቢቋረጥ እናንተ ትደውላላችሁ ወይስ እኔ?» ደግሞም አልቀረ፣ ስለ ራሷ ጀምራ ቆራጥነቷ ጋ ከመድረሷ በፊት ተቋረጠ። ለኔ ግልግል ነው። ሲመለሱ ቀጥታ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። እኔ የምሰማው የሷን ወገን ብቻ ነው፤ «ባለፈው ዙር ስንት ቀበሌ ቀራችሁ?» ትላለች፤ «ለምን ቀረ? መንገድ ነው ወይስ ፍየሎቹ ተሰደው?» ትላለች፤ ማን ማንን እየፈተነ እንደሆነ ጠፋኝ። ሥራው ጉልበት ይፈልጋል ብለዋት መሰለኝ፣ የገመዱን ነገር ስታስረዳ ሰማሁ። የኔን ገመድ! ስሜ ግን አልተጠራም።

ይህን ጊዜ አውራ ዶሮው ከነጨለማው ጓዳ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ረጅም አድርጎ ጮኸ። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ሳል ያዘኝ። ልጅቷ ግን አልደነገጠችም፤ «ይቅርታ፣ የቤታችን ዶሮ ነው፤ ፈንግል ተከትቧል» አለቻቸው። ከስልኩ ውስጥ የሦስት ሰው ሳቅ እስከ ፓፓያው ድረስ ተሰማ። ያን ሁሉ ቀን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የከረመው «ፈገግ በይ» ያላመጣውን ዶሮው አመጣው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» አሏት። ጓደኞቿ ስለ ሥራ አካባቢ ባህልና ስለ ዕድገት ዕድል ጠይቂ ብለዋት ነበር። እሷ ግን «ክትባቱ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ የወረዳው ማቀዝቀዣ በምንድን ነው የሚሠራ? መብራት ሲጠፋ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለች። ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ጸጥታው ሲረዝም መስመሩ ዳግም የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መልሱን እየፈለጉ ነው።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ወደዋታል። ስለወደዷት ለሁለተኛ ዙር አልፋለች፤ ሁለተኛው ዙር በቪዲዮ ነው። አሁን ደግሞ ወረቀቶቹ ከግድግዳው ይነሱ ተብሏል። ቀለም ይቀባ ተብሏል። ከኋላዋ እንዳልታይ ሳሎን እንዳልገባ ተነግሮኛል፤ ከታየሁ ደግሞ ኮት እንድለብስ። ከሱ ቀጥሎ ሦስተኛ ዙር አለ ይላሉ፤ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የዋስ ጥሪ፣ ከዚያ የሕክምና ምርመራ። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ እኔም አልከፋኝም፣ ግን ቀን መቁጠር እችላለሁ። ዓለም 2022ን ቆርጦ እየጠበቀ ነው፤ ድርጅቱ ገና የግድግዳ ቀለም ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆንም እስካሁን የተከተበው የኔ ዶሮ ብቻ ነው።